የደብረ ታቦርን መንገዶች ሁሉ ስለ መሮጥ

በዚህ መጽሔት ላይ የሒሳብ ነገር ሲወጣ ብዙዎቻችሁ ገጹን እንደምትገለብጡት አውቃለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚሁ አደርግ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮውን ሒሳብ ከእግር ሥራ ጋራ ቀላቅዬ ለማቅረብ አስቤአለሁ።

በ2010 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ለዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ አንድ ሰው የደብረ ታቦርን መንገድ ሁሉ፣ አንዱንም ሳይደግም ሊዞረው ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሣቁ። እኔም መልስ እስካስብ ጊዜ ለማግኘት ብዬ አብሬ ሣቅሁ። ተወልጄ ያደግሁት፣ የተማርሁትም እዚሁ ነው፤ በዚያን ጊዜም ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ። ሆኖም ጥያቄውን ለመመለስ መንገዶቹን በሐሳቤ ልቈጥር ብል፣ በደንብ የማውቃቸው ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱት አምስት ስድስት መንገዶች ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀረውስ ከተማ እንደ እንግዳ ነበርሁ።

በዚያው ሰሞን የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ፣ ሐኪም በሳምንት አራት አምስት ቀን ላብ እስኪወጣኝ ድረስ እንድንቀሳቀስ አዝዞኝ ነበር። ዕድሜዬ ኀምሳ ሁለት ዓመት ነበር። የሐኪሙን ትእዛዝና የተማሪውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ለመፈጸም የከተማውን መንገድ ሁሉ በእግሬ ሮጬ ለመቍጠር ቈረጥሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ጥያቄው ራሱ ልናገር። በባልቲክ ባሕር አጠገብ ኮኒግስበርግ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ስሟ ካሊኒንግራድ ሲሆን በሩሲያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ወንዝ ከተማዋን በአራት ክፍል ይለያት ነበር፤ አራቱንም ክፍሎች ሰባት ድልድዮች ያገናኟቸዋል። የከተማዋ ሰዎች ሰባቱን ድልድዮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መዞር ይቻል እንደ ሆነ ይጠያየቁ ነበር። ሊቁ ሌኦናርድ ኦይለር በ1735 እ.ኤ.አ. በቀረበ ጽሑፍ ነገሩ እንደማይቻል አስረዳ። ያስረዳውም ድልድዮቹን እየተመላለሰ በመሞከር አይደለም፤ በወረቀት ላይ በማሰብ ነው እንጂ።

ማስረጃው ቀላል ስለ ሆነ ማንም ሊከተለው ይችላል። መንገዶች የሚገጥሙበትን ቦታ ሁሉ መገናኛ እንበለው። በጕዞህ መካከል ወደ አንድ መገናኛ በአንድ መንገድ ከገባህ በሌላ መንገድ መውጣት አለብህ፤ እንግዲህ ባለፍህ ቍጥር ሁለት መንገድ ታጠፋለህ ማለት ነው። ስለዚህ በመገናኛው ላይ የሚገጥሙት መንገዶች ብዛት ለሁለት የሚከፈል፣ ማለት ጥንድ ከሆነ ነገሩ ይስማማል። ጎዶሎ ከሆነ ግን አንድ መንገድ ይተርፋል፤ የሚተርፈውም መገናኛው የተነሣህበት ወይም የጨረስህበት ቦታ ካልሆነ በቀር መድረሻ የለውም። መነሻና መጨረሻ ደግሞ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ጎዶሎ መገናኛዎች ከሁለት ከበለጡ ሳይደግሙ መዞር አይቻልም። በኮኒግስበርግ አራቱም ክፍሎች ጎዶሎ ነበሩ።

እርሳስና ወረቀት ያለው አብሮኝ ይሣል። ጐን ለጐን የሚሄዱ ሁለት መንገዶች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው 200 ሜትር ይረዝማሉ። ሁለቱን ከመጀመሪያቸው፣ ከመካከላቸውና ከመጨረሻቸው ላይ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር የሆኑ ሦስት ቅያሶች ያገናኟቸዋል። ጠቅላላው 400 ሲደመር 180፣ ማለት 580 ሜትር ነው። በአራቱ ማዕዘን ሁለት ሁለት መንገድ ይገጥማል፤ በመካከለኛው ቅያስ ሁለት ጫፎች ግን ሦስት ሦስት ይገጥማል። ጎዶሎዎቹ ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ፣ ከአንዱ ተነሥቶ በሌላው የሚጨርስ ሯጭ 580ውን ሜትር ምንም ሳይደግም ይፈጽመዋል። ከማዕዘን የተነሣ ግን የፈለገውን ያህል ቢጣጣር አይሆንለትም። ሯጩ ወደ ተነሣበት ልመለስ ካለም መካከለኛውን ቅያስ መድገም ግድ ስለሚሆንበት 640 ሜትር ይሮጣል። አሁን ከአንዱ ማዕዘን ላይ 40 ሜትር የሆነ፣ መውጫ የሌለው ቅያስ ጨምሩበት። እርሱን ገብቶ መውጣት ስለሚያስፈልግ ድምሩ 720 ሜትር ይሆናል። መውጫ የሌለው ቅያስ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይሮጣል፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መድገም ግድ ከሆነ፣ ድግግሞሹ ከሁሉ ያነሰ እንዲሆን መንገዱን እንዴት መምረጥ ይገባል? ይህን ጥያቄ በ1960 እ.ኤ.አ. ያነሣው ጓን ሜይጉ የተባለ ቻይናዊ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ያሰበውም በየመንገዱ ደብዳቤ ስለሚያድል ሰው ስለ ነበረ ነገሩ እስከ ዛሬ የቻይናው ፖስተኛ ጥያቄ ይባላል። (በዚያው ዓመት፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የሮማን መንገዶች በባዶ እግሩ ሮጠ።) ለእኛ ደግሞ የቻይና ስም ከመንገድ ጋራ መነሣቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከወረታ ተነሥቶ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ወልድያ የሚሄደውን አውራ ጐዳና በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸውና።

ለተማሪው በማግሥቱ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አውራ ጐዳናው ድረስ ባለው ቦታ ብቻ ሦስት መንገድ የሚገጥምባቸው መገናኛዎች ከሁለት በላይ ናቸው፤ ስለዚህ አይቻልም። ሣቁም በዚያው አበቃ። እኔ ግን የሩጫ ጫማ ገዝቼ ነበር።

አንዳንድ ወላጆች፣ «ዕድሜ ከገፋ በኋላ መሮጥ ልብን ይጎዳል» ሲሉ ስለምሰማ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልጨምር። የሰው ልብ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛ ብዛት ከዕድሜ ጋራ ይቀንሳል። ግምቱን ለማግኘት ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ ነው፤ ለእኔ ለኀምሳ ሁለት ዓመቱ ሰው 172 ያህል መጣ። ሰውነት በኀይል ሲሠራ ኦክስጅንን የመጠቀም ችሎታውም ከሠላሳ ዓመት ወዲያ በየዐሥሩ ዓመት በመቶ ዐሥር ያህል ይወርዳል፤ ልምምዱን ባላቋረጠ ሰው ግን ውረዱ ወደ ግማሽ ሊቃለል ይችላል። በዚህ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ቀላል የሆነ ሩጫ እዚህ ያስተነፍሳል። የእኔ መለኪያ ግን ቍጥር አልነበረም፤ እየሮጥሁ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተኝ ወደ እርምጃ እመለሳለሁ። ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ቆሞ ሐኪም ይጠይቅ እንጂ ከእኔ ጽሑፍ ምክር አይውሰድ።

በዕድሜያቸው የሮጡትማ ብዙ ናቸው። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ያገኘው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሙኒክ ነሐስ ሲያገኝ ደግሞ አርባ ሞልቶት ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2024 እ.ኤ.አ. በለንደን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሁለተኛ ሲወጣ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። አንጋፋው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላም ሲሮጡ ታይተዋል። ከውጭ አገር ሰዎች እኔ የምወደው የካናዳውን ኤድ ዊትሎክን ነው፤ ይህ ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. በሰባ ሦስት ዓመቱ ማራቶንን ከሦስት ሰዓት በታች ጨረሰ፤ ልምምዱንም የሚያደርገው በሰፈሩ ባለ መካነ መቃብር ውስጥ ለሰዓታት እየዞረ ነበር።

መንገድን ሁሉ ለማዳረስ የተነሣሁት የመጀመሪያው ሰው እኔ እንዳይደለሁም ቈይቼ ተረዳሁ። ሪኪ ጌትስ የተባለ አሜሪካዊ በ2018 እ.ኤ.አ. የሳን ፍራንሲስኮን መንገዶች ሁሉ ሮጠ፤ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነበት። ከእርሱ ይልቅ ግን ወደ እኔ የሚቀርበው ፕሮፌሰር ዊልያም ሄልምራይክ ነው። የኒው ዮርክ ከተማን ከሞላ ጐደል ጥግ እስከ ጥግ በእግሩ ሲያዳርስ ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋ ሰው ነበር፤ መጽሐፉንም በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ልጅ ሳለ አባቱ በከተማ ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይወስደውና ወርደው በማያውቁት ሰፈር ይዘዋወሩ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና በሽታ ሞተ።

ወደ ደብረ ታቦር ልመለስ። ከስልክ ላይ የሳተላይት ሥዕል እያየሁ የከተማውን ካርታ በስምንት የካሬ ወረቀቶች ላይ ሣልሁ። የሮጥሁትን በቀይ እርሳስ፣ የደገምሁትን በሰማያዊ አሰምር ነበር። ሕግም አወጣሁ፦ ሁለቱንም ጫፉን በእግሬ ያልረገጥሁት መንገድ እንደ ተሮጠ አይቈጠርም፤ የግል ግቢና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አይገባም፤ በካርታዬ ላይ ያልተሣለ የእግር ዱካ መንገድ አይባልም። በዚህ በሦስተኛው ሕግ በኋላ አፍሬበታለሁ።

የምሮጠው ሊነጋ ወገግ ሲል ነበር፤ ጅብ ከገባ በኋላ፣ ባጃጅ ከመውጣቱ በፊት። ውሻ ብዙ ጊዜ አባርሮኛል። ኮብልስቶን ጤዛ ሲነካው እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት የማያውቅ ካለ ከጕልበቴ ጠባሳ ይማር። ከሁሉ የባሰው ችግር ግን ያላሰብሁት ነበር። በአገራችን ሽበት ያለው ሰው በማለዳ እየሮጠ ከታየ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው። በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን እየጐተቱ ከበራቸው ወጥተው፣ «ማን ሞተ? ማን ሞተ ልጄ?» እያሉ ተከተሉኝ። ቆሜ ማንም እንዳልሞተ ብነግራቸው አላመኑኝም፤ መርዶ የምደብቅ መሰላቸው። «ታዲያ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ። የሐኪም ትእዛዝ መሆኑን ስነግራቸው ጊዜ፣ «እኛስ እንጨት ተሸክመን ዳገት ስንወጣ የኖርነው በማን ትእዛዝ ነው?» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስፖርት የወጣሁ መሆኔ እንዲታወቅ በአንገቴ ላይ ፎጣ እጠመጥም ነበር፤ ፎጣውም ጠቀመኝ።

በዚህ ዓይነት ከተማውን በትንሽ በትንሹ እያወቅሁት ሄድሁ። በክፍል ውስጥ የየጁው ራስ ጉግሣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከተማዋን እንደ ቈረቈሩ፣ ራስ ዐሊም እስከ አይሻል ጦርነት፣ ማለት እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ከዚህ ሆነው እንደ ገዙ ተምረናል። በእግር ሲሄዱ ግን ለምን ይህን ቦታ እንደ መረጡት ይታያል። ከከፍታው ላይ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ አገሩ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በስተ ምሥራቅ በኩል ርብና ጉማራ የሚመነጩበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ተራራ ቆሟል። ከየትኛውም ወገን የሚመጣ ሠራዊት ሳይታይ አይደርስም።

ጋፋት ከከተማው ወጣ ያለ ቢሆንም ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ከካርታዬ አላስቀረሁትም። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በአውሮፓውያን የእጅ ባለ ሙያዎች የተሠራው በጋፋት ነው፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ መድፉን በሰው ጕልበት እያስጐተቱ፣ ገደሉን እያስቈረጡና መንገድ እያሠሩ መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ አብረው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። እኔ የጋፋትን ዳገት ያለ ምንም ሸክም ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተንፍሻለሁ።

አሁን ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ወደ ሆነኝ ነገር ደረስሁ። በዚያ ዓመት ከማስተምራቸው መካከል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ስሟን አልጽፍም። ትምህርቷ ደኅና ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ እየመጣች ታስቸግረኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ከክፍል አስወጣኋት። በስም መጥሪያው ደብተር ላይም «ቸልተኛ ናት» ብዬ በቀይ ጻፍሁ። በጥቅምት ወላጅ እንድታመጣ ባዘዝኋት ጊዜ አያቷ መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጕልበታቸው ድረስ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ልጅቱ ለምን እንደምታረፍድ ብጠይቃቸው፣ «ውሃው እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። እኔም ውሃ እየቀዳች ነው የምታረፍደው ማለታቸው መስሎኝ፣ ውሃ ማታ እንድትቀዳ መክሬ ሰደድኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ትኵር ብለው አይተውኝ፣ «እሺ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ በከተማው ዳር ወደ አንድ ሸለቆ የሚወርድ ቅያስ ሮጬ ነበር። ቅያሱ ከጅረት ዳር ደርሶ ይቆማል፤ ውሃው ሞልቶ ይጮኻል፤ መሻገሪያ የለም። መውጫ የሌለው ቅያስ ብዬ በወረቀቴ ላይ ጫፉን በጥቍር ዘጋሁት፤ ዳገቱንም እያማረርሁ ተመለስሁ።

በጥር ወር አንድ ማለዳ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ፣ ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ስሮጥ ያችው ተማሪ ደብተሯን ይዛ፣ መንገድ የለበትም ካልሁት ሥፍራ ከሣሩ መካከል ብቅ አለች። እርሷም ፎጣ ጠምጥሜ በማየቷ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ። አንቺ ከየት መጣሽ?»

«ከቤት ነዋ ጋሼ።»

«በዚህ በኩል መንገድ የለም እኮ!»

«አለ እንጂ ጋሼ፤ ውሃው ሲጐድል አለ።»

ይዛኝ ወርዳ አሳየችኝ። በጅረቱ መካከል አምስት ትልልቅ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ በበጋ በእነርሱ ላይ እየተረገጠ ይታለፋል። ከድንጋዮቹ ማዶ ያለው ደግሞ ያ በጥቍር የዘጋሁት ቅያስ ነበር። ከእርሷ በር ተነሥቶ በድንጋዮቹ በኩል ትምህርት ቤት ለመድረስ ዐሥራ አራት ደቂቃ እርምጃ ይበቃል። ድንጋዮቹ በውሃ ሲሸፈኑ ግን ዳገቱን ወደ ኋላ ወጥቶ፣ በአውራ ጐዳናው ድልድይ ዞሮ መምጣት ያስፈልጋል። ይህንንም በሰዓት ይዤ ሄድሁበት፤ አርባ ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ያውም ጭቃ በሌለበት ወር ነው።

በዚያው ቀን ማታ የስም መጥሪያውን ደብተር አወጣሁ። በመስከረም ዘጠኝ ቀን አርፍዳለች፤ በጥቅምት ሰባት ቀን፤ በኅዳር አንድ ቀን ብቻ፤ በታኅሣሥና በጥር አንድም ቀን የለም። ይህን ሁሉ የጻፍሁት እኔ ራሴ ነኝ። ቍጥሩን በዐይኔ ፊት አስቀምጬ አራት ወር ሙሉ አላነበብሁትም። የሒሳብ መምህር ነኝ እንግዲህ። አያቷ «ውሃው ነው» ያሉኝም ምን ማለት እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሒሳቡ በኩል የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ውሃው ሲሞላ የቅያሱ ጫፍ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ጎዶሎ መገናኛ ነው፤ ከማዶ ያለው መገናኛም ባለ ሦስት ስለ ሆነ ጎዶሎ ነው። ውሃው ሲጐድል ግን አንዱ ሁለት፣ ሦስቱም አራት ይሆናሉ። በአምስት ድንጋይ ሁለት ጎዶሎ መገናኛዎች ጠፉ ማለት ነው! እንግዲህ ከተማችን አንድ ካርታ ሳይሆን ሁለት ካርታ አላት፤ የበጋና የክረምት። ኦይለር ስለ ድልድይ እንጂ ስለ ክረምት አላሰበም። እንዲህ ያሉትን ቦታዎች እየፈለግሁ ብዞር ሌሎች ስድስት አገኘሁ፤ ስምንቱንም ወረቀት እንደ ገና ለበጋና ለክረምት ለየብቻ ሣልሁ።

ከዚያ በኋላ የክፍሌን ተማሪዎች ቤታቸውን በካርታው ላይ በነጥብ እንዲያመለክቱ ጠየቅኋቸው። ዐሥራ አንዱ ክረምት መንገዳቸውን በሚቈርጥባቸው ቅያሶች ውስጥ የሚኖሩ ሆነው ተገኙ። ነገሩን ለባልደረቦቼ በስብሰባ ላይ አቀረብሁ። አንድ ጓደኛዬ፣ «ከእንግዲህ ያረፈደው ሁሉ ወንዝ ሞላብኝ ሊለን ነው» ብሎ ተቃወመ፤ ተቃውሞውም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ካርታውን በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ወንዝ ሞላብኝ ያለ ተማሪ ወንዙን በጣቱ እንዲያሳይ ይደረጋል፤ ማሳየት ያልቻለ ይቀጣል። በሰኔና በመስከረም ለዐሥራ አንዱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትምህርት በማስታወሻ ተጽፎ እንዲደርሳቸው ተስማማን። የሰፈሩ ሰዎችም በጅረቱ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጣሉበት፤ የመጣው ክረምት ግንዶቹን ይዟቸው ሄደ፤ እንደ ገና ጣሉበት።

ልጅቱን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። በደብተሩ ላይ የጻፍሁትን ቃል በእርሷ ፊት ሰረዝሁት። አያቷን ግን እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት እስካገኝ ድረስ ወራት አለፉ።

ሩጫውን የጨረስሁት ነሐሴ 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ የከተማችን ስም የሚከበርበት የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ስለ ሆነ ቀኑን መርጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማችን ያየችውን፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ምን ያህል እንደ ቀረበን አንባቢ ስለሚያውቀው አልጽፈውም፤ የማለዳ ሩጫዬም ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። በዚያች ማለዳ ግን ልጆቹ ገና ሳይነጋ ጅራፋቸውን ያጮኹ ነበር። ለመጨረሻ ያስቀረሁት ያንኑ ቅያስ ነው፤ በክረምቱ ካርታ ላይ እንደ ገና ልሮጠው ስለ ፈለግሁ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ሞልቷል፤ ድንጋዮቹም አይታዩም። ዳር ድረስ ሄጄ፣ ጫፉን ረግጬ፣ ዞር ስል አያቷ ከበራቸው ላይ ቆመዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጐንበስ ስል ትከሻዬን ያዙና፣ «ተው ልጄ፣ ተው፤ አንተም በዚያው መንገድ ዞረህ አይደል የመጣኸው!» አሉኝ። ከቤት ገብተው ትኵስ ሙልሙል አመጡልኝ። ያን ዳገት ሙልሙሉን በፎጣዬ ጠቅልዬ በእርምጃ ወጣሁት፤ ስለዚህ በሕጌ መሠረት ያች መመለሻ እንደ ሩጫ አልተቈጠረችም።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የጎዶሎ መገናኛዎችን ጠቅላላ ድምር በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ያችው ተማሪ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት በበሩ በኩል አልፋ ስታየው ቆመች። «ጋሼ፣ ይህ ልክ አይደለም» አለችኝ። እያንዳንዱ መንገድ ሁለት ጫፍ ስላለው በመገናኛዎች ላይ ያሉት የመንገድ ጫፎች ድምር ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ ስለዚህ የጎዶሎ መገናኛዎች ብዛት ራሱ ጥንድ መሆን አለበት፤ እኔ የጻፍሁት ድምር ግን ጎዶሎ ነበር። ስምንቱን ወረቀት ቤቷ ወስዳ መረመረችና፣ ገበያው አጠገብ አራት መንገድ የሚገጥምበትን አንድ ቦታ ባለ ሦስት ብዬ እንደ ቈጠርሁት አገኘች። በማግሥቱ ማለዳ ፎጣዬን ጠምጥሜ ሄጄ አየሁት፤ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ሦስት ክንድ የምትሰፋ መተላለፊያ አለች። እርሷንም ሮጥኋት።